ኮሽ የሚል የድንች ጥብስ በኤር ፍራየር፦ ለደሴና ለደጋው ወሎ ወጥ ቤት

ኤር ፍራየር፣ በትኩስ አየር የሚጠብሰው ማሽን፣ ብቻውን ድንችን ኮሽ የሚል አያደርገውም። ኮሽታው የሚመጣው ከማሽኑ በፊት በሚሠራው ሥራ ነው። ቅቅሉ፣ ማንጠፍጠፉ፣ ማናፈሱ። ማሽኑ የጀመራችሁትን ይጨርስላችኋል እንጂ ያልጀመራችሁትን አይሠራላችሁም። "ገዛሁት፣ ግን ድንቹ ወይ እንጨት ይሆናል ወይ ይልፈሰፈሳል" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ስለ ማሽኑ አልጠይቅም። "ቀድማችሁ ቀቅላችሁት ነበር ወይ?" ነው የምለው። መልሱ ብዙ ጊዜ "ኧረ ምን ብዬ!" ነው።

ሌላው የከፍታ ነገር ነው። ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው አሠራሮች አብዛኞቹ ከባህር ጠለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች የተሞከሩ ናቸው። ደሴ ግን ጦሳ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ ውሃውም በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ድንቹ ግን ያውቀዋል። መመሪያው "8 ደቂቃ ቀቅሉ" ሲል ደሴ ላይ በ8 ደቂቃ የሚወጣው ድንች መሐሉ ገና ጥሬ ነው።

የምንሠራው ካፌዎቹ "ዌጅስ" የሚሉትን፣ ከነልጣጩ በቁመቱ የተሰነጠቀውን ወፍራም ድንች ነው። ቀጭኑ ቺፕስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ በብዙ ዘይት ቢጠበስ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ሶኬቱ

ወሎ ውስጥ ያለው ኤር ፍራየር ብዙውን ጊዜ ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ነው። እህት ወይም ልጅ ልካው። ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት ከሥሩ ወይም ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። "220–240 ቮልት" የሚል ከሆነ ለእኛ መብራት የተሠራ ነው። ከአሜሪካ የመጣና "120 ቮልት" የሚል ከሆነ በቀጥታ እንዳትሰኩት፤ ወዲያው ይቃጠላል። ለእሱ ከማሽኑ ዋት ከፍ ያለ አቅም ያለው ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ከባህረ ሰላጤው የሚመጡት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆኑ አዳፕተር ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ አትቆጥቡ። አንድ መካከለኛ ኤር ፍራየር 1,500 ዋት ገደማ ይስባል። ይህ በ220 ቮልት 7 አምፔር ያህል ነው። ለስልክ ቻርጀር የተሠራ ልል አዳፕተር ወይም ገመዱ የቀጠነ ዲቫይደር ይህን አይችልም፤ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት በቀጥታ ስኩት። የኤሌክትሪክ ምጣድ እየጋገረ ከሆነም ጠብቁ። ምጣዱ ለብቻው ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይወስዳል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ብሬከሩን ይጥሉታል።

ማሽኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። ትኩስ አየሩ የሚወጣው በጀርባው ነው።

ድንች መምረጥ

ሰኞ ገበያ ስትወጡ ከኩታበርና ከደሴ ዙሪያ ደጋ የወረደ ድንች አታጡም። የምትፈልጉት ዱቄታሙን ነው፤ ሲቀቀል የሚፈረካከሰውን። ውሃ የበዛበት ድንች ለወጥ ያምራል፣ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ውስጡ ያለው ውሃ ማሽኑ ውስጥ እየተነነ ቅርፊቱን መልሶ ያረጥበዋል።

በዓይን መለየት ያስቸግራል። ሻጩ "ጉደኔ ነው" ወይም "በለጠ ነው" ብሎ የዝርያውን ስም ከነገራችሁ ጥሩ። ካልነገራችሁ ቤት ውስጥ መፈተሻ አለ። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 110 ግራም ያህል ጨው አሟሙ፤ ከአንድ ቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም። ድንቹን አጥባችሁ ጨምሩት። ከሰጠመ ዱቄታም ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ስታርች (የድንቹ ዱቄታማ ክፍል) አለው። ከተንሳፈፈ ውሃ ይበዛዋል፤ ለአልጫ አስቀምጡት። ከገበያ ብዙ ኪሎ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ፍሬ ወስዳችሁ እንዲህ ብትፈትሹ አትከስሩም።

ልጣጩን በአውራ ጣት ስትፍቁት የሚላጥ ከሆነ ድንቹ ገና ለጋ ነው። እሱንም ለወጥ ተዉት። አረንጓዴ የሆነውን ደግሞ ጭራሽ አትግዙ። ፀሐይ ሲመታው ነው አረንጓዴ የሚሆነው፤ አብሮትም ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር ይጨምራል። እኛ ደግሞ ከነልጣጩ ነው የምንበላው። ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ከሆነ በጥልቁ ቆርጣችሁ ጣሉት። ግማሹ ከሆነ ድንቹን ራሱን ጣሉት።

ቤት ስታስገቡ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱ። ብርድ የድንችን ስታርች ወደ ስኳር ይቀይረዋል። ስኳር የበዛበት ድንች ማሽኑ ውስጥ ሳይበስል ይጠቁራል፤ ውጪው መራራ፣ ውስጡ ጥሬ። ደሴ ውስጥ ፍሪጅ ማን ይፈልጋል፣ ቤቱ ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ጨለማ ጥግ፣ አየር በሚያስገባ ጆንያ ወይም ቅርጫት ይበቃል። ከሽንኩርት ግን ለዩት፤ አብረው ሲቀመጡ ቶሎ ይበላሻሉ።

የሚያስፈልገው

ለሦስት ወይም ለአራት ሰው፦

- 1 ኪሎ ዱቄታም ድንች፣ መካከለኛና ተቀራራቢ መጠን ያለው
- 2 ሊትር ውሃ
- 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ለመቀቀያው፣ ለመጨረሻው ደግሞ ትንሽ ደቃቅ ጨው
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ
- 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- ቅመም እንደ ፍላጎት፤ ከታች እመጣበታለሁ

ቤኪንግ ሶዳ ስል ቤኪንግ ፓውደር ማለቴ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚደረደሩት፤ አይታችሁ አንሱ።

መቁረጥና ማለቅለቅ

ልጣጩን አትላጡ። በብሩሽ ወይም በሻካራ ስፖንጅ አፈሩን አስለቅቁ፤ በተለይ ዓይኖቹ ውስጥ የተደበቀውን። ድንቹን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁ። እያንዳንዱን ግማሽ በቁመቱ እንደገና ለሁለት፣ አሁንም ለሁለት። ከአንድ መካከለኛ ድንች 8 ቁራጭ ይወጣል። ወፍራም ጎኑ ሁለት ሴንቲሜትር አካባቢ ቢሆን ይበቃል። ትልቅ ድንች ከሆነ 10 ወይም 12 አውጡለት። ዋናው ቁራጮቹ እኩል መሆናቸው ነው፤ ቀጭኑ ሲያርር ወፍራሙ ጥሬ እንዳይቀር።

ከዚያ ውሃው ጥርት እስኪል ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። "ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፉ" የሚሉ መመሪያዎች አሉ። ለጥሬ ጥብስ ልክ ናቸው። ለምንቀቅለው ግን ማለቅለቁ ይበቃል፤ ቅቅሉ ራሱ ትርፉን ስታርች ያወጣዋል።

ቅቅሉ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ነው።

ውሃውን በሰፊ ድስት አፍሉ። ሲንተከተክ ጨውና ቤኪንግ ሶዳውን ጨምሩ፤ ትንሽ አረፋ ያስነሳል። ከዚያ ድንቹን አስገቡ። ውሃው ይረጋጋል። እንደገና መንተክተክ ሲጀምር ነው ሰዓት መቁጠር የምትጀምሩት፤ ድንቹን ከጨመራችሁበት አይደለም።

ደሴ፣ ኩታበር፣ ላሊበላና ወደዚያ ከፍታ የሚጠጋ ቦታ ያላችሁ ከ11 እስከ 13 ደቂቃ። ኮምቦልቻና ሐይቅ ያላችሁ ከ9 እስከ 11። ወደ ባቲ የወረዳችሁ ከዚያም ትንሽ ቀንሱ። ድንቹ እንደ ዝርያው ስለሚለያይ ቁጥሩ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። እውነቱን የሚነግራችሁ ቢላ ነው። ጫፉን በወፍራሙ ቁራጭ ላይ ስትወጉት ሳይታገል ይገባል፤ ስታነሱት ግን ቁራጩ አብሮ ተንጠልጥሎ ይወጣና ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። ጠርዙ ላላ፣ ሻከር፣ ትንሽ ዱቄት ዱቄት ያለ መሆን አለበት። ጥርት ብሎ ጠርዙ እንደተሳለ ከሆነ አልደረሰም።

እሳት ጨምራችሁ ጊዜውን ልታሳጥሩት አትችሉም። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱ ቢጋጋም ሙቀቱ ያው 92 ነው፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ክዳን መግጠምም መፍላቱን ያፋጥናል እንጂ ከ92 አያሳልፈውም። ግፊት የሚፈጥረው ፕሬዠር ኩከር ያሳልፈዋል፤ ግን በእሱ ድንቹን ገንፎ ላለማድረግ ልምድ ይጠይቃል። አልመክረውም።

ሶዳው ምን ይሠራል? የድንቹን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያጣብቅ ፔክቲን የሚባል ነገር አለ። ሶዳ ውሃውን ወደ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ያመጣና ፔክቲኑን ያላላዋል። የድንቹ ላይኛው ገጽ ይፈታና በስታርች ሊጥ ይለበጣል። ያ ሊጥ ነው ማሽኑ ውስጥ ደርቆ ቅርፊት የሚሆነው። ስለዚህ የሻከረ ድንች ማለት የሚኮሽ ድንች ማለት ነው። ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ግን አትለፉ፤ ሲበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል።

አቼቶ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው። አሲድ ፔክቲኑን ያጠነክራል፤ ድንቹ ሳይፈርስ ይቆያል። ለድንች ሰላጣ ደግ ነው። አንዳንዱ ሰው ሁለቱንም ይጨምራል። እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ትርፉ አረፋ ነው።

ጎረቤት ገብታ "ሁለቴ ልታበስሉት ነው እንዴ?" ብትል አዎ በሏት። መጀመሪያ ውስጡ ይበስላል፣ ቀጥሎ ውጪው ይደርቃል። ማሽኑ ሁለቱንም በአንዴ እንዲሠራ ሲጠየቅ ነው የሚያበላሸው።

ማንጠፍጠፍ፣ ማናፈስ፣ መነቅነቅ

ማጥለያ ላይ ገልብጡትና ለሁለት ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ሰፌድ ላይ ንጹህ ነጠላ ጨርቅ አንጥፉና ድንቹን ሳይደራረብ ዘርጉት። ሰፌድ ከሥርም ስለሚያናፍስ ከትሪ ይሻላል። ትሪ ላይ ከሥሩ እንፋሎት ይታቆርና የታችኛው ገጽ ይረጥባል።

10 ደቂቃ ይናፈስ። ድንቹ ሲዘረጋ የሚያብለጨልጭ ነበር። ውሃው ሲተን ይደበዝዛል፣ ነጣ ይላል። ምልክቱ ይሄ ነው። እንፋሎቱ ሳያልቅ ማሽኑ ውስጥ ከከተታችሁት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውሃ በማድረቅ ያባክናል። ከፍታው እዚህ ላይ ያግዛል፤ በደጋው ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃ ቶሎ ይተናል። ክረምት ላይ ግን፣ የሐምሌ ጭጋግ ቤት ድረስ ሲገባ፣ 10 ደቂቃ አይበቃም። ያኔ በፎጣ ቀስ ብላችሁ ታከክ ታከክ አድርጉት።

ከዚያ ወደ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጡና ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅነቅ አድርጉት። ጠርዙ ይፋቃል፣ ይቦካል። ጥቂት ቁራጭ ቢሰበር አትዘኑ፤ ፍርፋሪው ነው ቀድሞ የሚበላው።

ዘይትና ቅመም

ለ1 ኪሎ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። "ኤር ፍራየር ያለ ዘይት" የሚለው ማስታወቂያ ድንች ላይ አይሠራም። ያለ ዘይት ድንቹ ይደርቃል እንጂ አይጠበስም፤ ፊቱ ቆዳ ቆዳ ይላል። ዘይቱ የትኩሱን አየር ሙቀት ወደ ድንቹ ገጽ ያደርሳል፣ ቅርፊቱንም ወርቃማ ያደርገዋል። ከሁለት ማንኪያ ሲያልፍ ደግሞ ከሥር ይጠራቀምና ያጨሳል።

የሱፍ ዘይት ጥሩ ነው። የሚረጋው ዘይት በደሴ ብርድ ጠጥሮ አድሮ ከሆነ፣ መጀመሪያ አሙቃችሁ አቅልጡት። የረጋ ዘይት ድንቹን እኩል አይቀባም። በተጫነ ቆርቆሮ የሚመጣውን የዘይት ስፕሬይ ቅርጫቱ ላይ አትንፉ። ውስጡ ያለው ሌሲቲን የሚባል ነገር የማያጣብቀው ልባስ ላይ ይጋገርና አይለቅም።

አሁን ቅመም። ሦስት ዓይነት ሰዓት አለው።

ከዘይቱ ጋር አብሮ የሚገባ፦ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የጥብስ ቅጠል ደቀቅ ተደርጎ። እርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ፤ ለቀለም። ጨጓራው የማያስቸግረው ሰው አንድ ማንኪያ ያልተቀመመ ነጭ ሽሮም ሊያክል ይችላል። ዱቄቱ ቅርፊቱን ያወፍረዋል፤ ትንሽ የቆሎ ሽታም ይሰጠዋል።

አምስት ደቂቃ ሲቀር የሚገባ፦ የነጭ ሽንኩርት ዱቄትና ጦስኝ። ደረቅ ጦስኝ ቀድሞ ከገባ ያርራል። ከደጋው የመጣ ጥሩ ጦስኝ ካላችሁ ሌላ ቅመም ባትጨምሩም ይበቃል፤ እኔ እንደዚያ ነው የምወደው።

ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ብቻ፦ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ጨው፣ ቅቤ። በርበሬ በ200 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ በላይ ከቆየ ይጠቁራል፣ ይመራል፣ ቤቱንም ያስነጥሳል። የበርበሬ ጣዕም ከፈለጋችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ለብ ባለ አንድ ማንኪያ ዘይት በጥብጡና ትኩሱ ድንች ላይ አገላብጡት። በፍስክ ቀን በዘይቱ ፈንታ አንድ ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ አድርጉ። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ሠርታችሁ ቅመሱት። ጨውም ቀድሞ ከገባ ከድንቹ ውሃ ይጎትታል። መቀቀያው ውስጥ የገባው ውስጡን አጣፍጦታልና ለላዩ ደቃቅ ጨው በመጨረሻ ይበቃል።

ማሽኑ ውስጥ

ባዶውን በ200 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ አሙቁት። ድንቹ ሲገባ "ሽሽ" ማለት አለበት። ቅርጫቱ ላይ ወረቀት የምታነጥፉ ከሆነ ባዶውን ስታሞቁ አታድርጉት፤ ማራገቢያው ያነሳውና የጋለው ሽቦ ላይ ይለጥፈዋል፤ እሳት ይነሳል። ለድንች ግን ወረቀት ባይኖር ይሻላል። ቀዳዳዎቹ የተሠሩት አየር ከሥር እንዲገባ ነው።

አንድ ደርብ አድርጉ። በቁራጭና በቁራጭ መሐል ጣት ባይገባም አየር ይግባ። ባለ 4 ሊትር ማሽን ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው የሚችለው። አንዱን ኪሎ ለሁለት ዙር ክፈሉት። "አንዴ ልጨርሰው" ብሎ መከመር ድንቹን መልሶ በእንፋሎት መቀቀል ነው። የመጀመሪያው ዙር ከቀዘቀዘባችሁ፣ ሁለተኛው ሲያልቅ ሁሉንም ደርባችሁ ለ2 ደቂቃ አሙቁት። ለማሞቂያ መከመር ችግር የለውም።

በ200 ዲግሪ ደሴ ላይ ከ22 እስከ 26 ደቂቃ። ኮምቦልቻ ከ20 እስከ 23። ከመመሪያው ደብተር የሚበልጠው በምክንያት ነው። ማሽኑ ሙቀቱን የሚያደርሰው በአየር ነው፤ ደሴ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። የአየር ግፊቱ ከባህር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ያው ማራገቢያ፣ ያው ዲግሪ፣ ግን የሚያደርሰው ሙቀት ያንሳል።

እስከ 10 ደቂቃ አትንኩት። ቅርፊቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ካናወጣችሁት ይላጣል። በ10ኛው ደቂቃ ቅርጫቱን አውጡና ነቅንቁት፤ የተጣበቀውን በእንጨት ማንኪያ ገልብጡ። በ17ኛው አካባቢ አንዴ ድገሙ። ሁለተኛው ላይ ድምፁን ስሙ። የደረሰ ድንች ሲነቀነቅ ኳ ኳ ይላል። ያልደረሰው ድፍን ድምፅ አለው።

ወርቃማ ቡኒ ሲሆን አውጡት። ጥቁር ቡኒ እስኪሆን አትጠብቁ። ስታርች የበዛበት ነገር ሲያርር አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ነገር ይበዛበታል፤ ጣዕሙም ይመራል።

ወዲያው ሰፊ ሳህን ላይ ገልብጡት፣ ጨውና በርበሬውን አድርጉ፣ በክዳን አትክደኑት። ክዳን ያደረገ ትኩስ ድንች በሦስት ደቂቃ ይለሰልሳል። ማሽኑ ውስጥ ዘግታችሁ መተውም ያው ነው።

መብራት ሲሄድ

ይሄዳል። ድንቹ መሐል መንገድ ላይ እያለ ከሄደ መጀመሪያ መሳቢያውን ሳብ አድርጋችሁ ክፈቱት። ዘግታችሁ ከጠበቃችሁ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል። ማሽኑን ከሶኬቱ ንቀሉት። መብራት ሲመለስ አንዳንዴ በጉልበት ነው የሚመጣው፤ አምስት ደቂቃ ያህል ይረጋጋ ከዚያ ስኩት።

የማይመለስ ከመሰለ መጥበሻ አውጡ። በከሰል ወይም በቡታጋዝ ላይ ሁለት ማንኪያ ዘይት አግሉ፣ ድንቹን ደርድሩ፣ በእያንዳንዱ ጎን ሦስት አራት ደቂቃ። ውስጡ ቀድሞ ስለተቀቀለ የሚጎድለው ቅርፊቱ ብቻ ነው። መቀቀሉ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ቀንም ነው። በጥሬው የጀመረ ሰው መብራት ሲሄድበት ግማሽ የበሰለ ድንች ታቅፎ ይቀራል።

የግድ ካልቀቀላችሁ

ጊዜ የለም እንበል። ጥሬውን ቁረጡና በቀዝቃዛ ውሃ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት። አድርቁት፣ በደንብ። በዘይት አሹት። መጀመሪያ በ170 ዲግሪ 18 ደቂቃ፣ ከዚያ በ200 ዲግሪ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። ዝቅ ያለው ሙቀት ውስጡን ያበስላል፣ ከፍ ያለው ውጪውን ይጠብሳል። ይበላል። ግን ልዩነቱን አፋችሁ ይነግራችኋል።

ከምን ጋር

ዳጣ። አራት አምስት ቃሪያ፣ ሦስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ በሶብላ ካለ፣ ጨው። ሙቀጫ ውስጥ ደቁሱትና ሎሚ ጨምቁበት። ብሌንደር ያልመዋል፤ ሙቀጫ ግን ሻከር አድርጎ ይተወዋል፣ ድንቹም ላይ ይይዛል። በፍስክ ደግሞ እርጎ በጨርቅ አጥልላችሁ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨምሩበት። አዋዜም ይሄዳል። የትኛውንም ግን በትንሽ ሳህን ለብቻው አቅርቡ። ላዩ ላይ ካፈሰሳችሁት የደከማችሁበት ቅርፊት በሁለት ደቂቃ ይሟሟል።

ለቡና ቁርስም ጥሩ ነው። አቦሉ ጀባ ሲባል ቆሎው አጠገብ ቢቀመጥ ማንም አይቀየምም። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾመውም፣ ለሁዳዴም፣ ቅቤውንና እርጎውን ተዉት እንጂ ሌላው ሁሉ የጾም ነው።

ረመዳን ላይ ለማፍጠሪያ የምታዘጋጁ ከሆነ ሥራውን ክፈሉት። ከዐስር ሶላት በፊት ቀቅላችሁ፣ አናፍሳችሁ፣ በዘይት አሽታችሁ ጎን አስቀምጡት። መግሪብ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ማሽኑን አሙቁና አስገቡት። በተምርና በሾርባው ስታፈጥሩ ድንቹ ይደርሳል። ሳምቡሳውን መጥበሻው ይያዘው፣ ድንቹን ማሽኑ።

የተረፈውና ጽዳቱ

የተረፈ ድንች በ180 ዲግሪ 4 ወይም 5 ደቂቃ ሲሞቅ ኮሽታው ይመለሳል። ማይክሮዌቭ ግን ያላላዋል። ብዙ መሥራት ከፈለጋችሁ ከናፈሰ በኋላ ዘይት ሳይነካው ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አጠጥሩት፣ ከዚያ በፌስታል ቋጥሩት። ስትፈልጉ ሳይቀልጥ በዘይት አሽታችሁ በ200 ዲግሪ ሰርታችሁ፣ ከተለመደው አምስት ደቂቃ አስረዝሙ።

ቅርጫቱን ሲበርድ በለብ ያለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳው የስፖንጅ ጎን እጠቡ። የድስት ሽቦ አይነካው፤ ልባሱ ከተፋቀ ድንቹ መጣበቅ ይጀምራል። ሹካና ቢላም ቅርጫቱ ውስጥ አታስገቡ። በየጊዜው ማሽኑን ነቅላችሁ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ገልብጡትና ከላይ ያለውን ማሞቂያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የተረጨ ዘይት እዚያ ይጠራቀማል፤ በቀጣዩ ዙር የሚያጨሰው እሱ ነው። ጨርቁ ሲደርቅ፣ ማሽኑም ውስጡ ሲደርቅ ብቻ መልሳችሁ ስኩት።